ጎኑ ለምን ይሰበሰባል? የነጻ ሽመና ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያ ሥራዬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጨርቅ ነበር። ሲጀመር ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነበር። መሃሉ ላይ 22 ሆነ፣ ጫፉ ላይ እንደገና 27። ወገቧን ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች ሴት ይመስል ነበር። “ነጻ ሽመና እኮ ነው” ብዬ አለፍኩት። ውሸቴን ነው፤ ማጉን፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ እየጎተትኩ ነበር።

ነጻ ሽመና ማለት አስቀድሞ የተዘጋጀ ጥለት ሳይከተሉ፣ ቀለሙንም ቅርጹንም እየሸመኑ መወሰን ነው። ጉድጓድ ያለው የሸማኔ ዕቃ አያስፈልግም። አሮጌ የሥዕል ፍሬም፣ ከላይና ከታች በየ1 ሴንቲ ሜትሩ የተመቱ ሚስማሮች፣ ጆንያ የሚሰፋበት ትልቅ መርፌና የወጥ ቤት ሹካ ይበቃሉ። ነጻነቱ ግን የማጉ ነው። ድሩም፣ ፍሬሙ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወጠረው ክር፣ እንደፈለገ ይሁን ያልን ቀን ከታች ያሉት ችግሮች ይመጣሉ።

ጎኑ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ

ይሄ የሁላችንም በሽታ ነው። ማግ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ተጠማዝዞ ስለሚያልፍ ከጨርቁ ስፋት የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ቀጥ አድርጋችሁ ከወጠራችሁት የጎደለውን ከዳር ድሮች ይወስዳል።

መፍትሄው ማጉን እንደ ኮረብታ ቀስት አድርጎ ማስተኛት ነው። ለ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት የቀስቱ አናት 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በሹካ ጠቅጥቁት። ሰፊ ሥራ ከሆነ አንድ ትልቅ ኮረብታ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ይሁኑ። ስትመለሱ የዳሩን ድር በጣታችሁ ያዙት፣ እንዳይጎተት።

በመጀመሪያው ስፋት ልክ አንድ ክር ቆርጣችሁ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ለኩ። ዓይን አይታመንም፤ በየመስመሩ የሚጠፋው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ጠብቦ ካገኛችሁት ቀስቱን ከፍ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። 3 ከሆነ ፍቱት። መፍታት እንደሚያናድድ አውቃለሁ፣ ግን በላዩ የምትሸምኑት ሁሉ እሱን ይከተላል።

መሃሉ ካበጠ ደግሞ ተቃራኒውን አብዝታችኋል። ቀስቱን ቀንሱ፣ ወይም በቀጭን ክር መሃል የገባውን ወፍራም ማግ አሳሱ።

አንዱ ድር ጠብቆ ሌላው ሲላላ

ድሩን በጣት ጫፍ መታ መታ እያደረጋችሁ ከዳር እስከ ዳር ሂዱ። እንደ ክራር ጅማት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለበት። አንዱ ድምፅ ከሌለው ወይ ስትወጥሩ መሃል ላይ ስልክ አንስታችኋል፣ ወይ ቋጠሮው ተንሸራቷል፣ ወይም ክሩ ራሱ ለድር የሚሆን አይደለም። የሹራብ ክር ይለጠጣል፤ ዛሬ ያጠበቃችሁት ነገ ይላላል። ፈትል ለስላሳ ነው፣ ግን ውጥረት ብዙ አይችልም። የእኛ ሸማኔዎች ፈትሉን ለማግ አድርገው ለድር ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር የሚጠቀሙት በከንቱ አይደለም። ክሩን በሁለት እጅ ወጥራችሁ ድንገት ሳቡት። ከተለጠጠ ወይም ከተበጠሰ ለማግ አስቀምጡት።

አንዴ ተጀምሮ ከላላ ሚስማሩ አጠገብ ከላሉት ድሮች ሥር ቀጭን ስንጥር ወይም የተጣጠፈ ካርቶን አስገቡ። ያነሳቸዋል፣ ይጠብቃሉ።

ድር ሲበጠስ

አትደንግጡ። ከተሸመነው ውስጥ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ አዲሱን ድር በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠምጥሙበት። በተበጠሰው መንገድ አሳልፋችሁ ሌላውን ጫፍ ሚስማሩ ላይ እሰሩ። ሲያልቅ ጫፎቹን በመርፌ ወደ ጀርባ ሰብስቧቸው።

ድር ተዘሎ ከሆነ ግን ከመጠገናችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሚሳኦ ጆ የተባሉ ጃፓናዊት ሽመና የጀመሩት በ57 ዓመታቸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው በአንዱ ላይ አንድ ድር ጎደለ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንከን ነው አላቸው። እሳቸው ግን ወደዱት፤ ቀጥለው ሆን ብለው ድር እያጎደሉ ሸመኑ። ሳኦሪ የሚባለው ነጻ ሽመና ከዚያ አደገ። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ጨርቁን የማይበትን ስህተት ይቆይ፣ የሚበትን ይጠገን።

ሁለት ቀለም ሲገናኙ ቀዳዳ ሲፈጠር

ሁለቱ ማጎች ጎን ለጎን ባሉ ድሮች ላይ እየተመለሱ ነው፤ የሚያይዛቸው የለም። ሁለቱም በተራ አንዱን ድር ይጋሩ፣ ወይም ሲገናኙ ይጠላለፉ። ድንበሩን ሰያፍ ማድረግም ይረዳል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ግን ያምራል፣ ተዉት። የረዘመውን ከጀርባ ስፉት።

ታጥቦ ሲጨማደድ ወይም ቀለም ሲለቅ

ጥጥ፣ ሱፍና አክሪሊክ ውኃ ሲነካቸው እኩል አይሰበሰቡም። ለግድግዳ ከሆነ ባታጥቡት ይሻላል። የሚታጠብ ከሆነ ክሮቹን ሳትጀምሩ ነክራችሁ አድርቋቸው። ቀይ ክር ካለ ደግሞ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጭመቁት። ነጩ ሮዝ ከሆነ ያ ክር ከፈትል አጠገብ አይቀመጥም።

ከፍሬሙ ሲወርድ ሲበተን

ይሄ የሚመጣው ከቸኮላችሁ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በቀጭን ክር ጠበቅ ያለ ተራ ሽመና ሥሩ። ከላይም ከታችም 10 ሴንቲ ሜትር ድር ሳይሸመን ይቅር። ድሩን በአንዴ አትቁረጡ። ሁለት ቆርጣችሁ ሁለቱን ከማጉ ሥር ቋጥሩ፣ ከዚያ ቀጣዮቹን ሁለት። መቀሱን ስታነሱ ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ፤ የእኔዎቹ “እኔ ልቁረጥ፣ እኔ ልቁረጥ” ሲሉ አንዱን ጎን ሳይቋጠር ጨርሰውልኛል።