የድሮ የሩሲያ ካርቱን የእጅ ሥዕሎችን እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው «ኑ፣ ፖጎዲ!» በተባለው ተከታታይ ካርቱን ውስጥ ተኩላው ጥንቸሉን ሲያሳድድ የሚራመደው እያንዳንዱ እርምጃ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሉህ ላይ በእጅ የተሳለ ነው። በሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። አንዱ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ስለሚቀረጽ፣ የአሥር ደቂቃ ፊልም ለአንድ ተንቀሳቃሽ ገጸ ባሕርይ ብቻ እስከ 7,200 ሉህ ይፈጃል። ፕላስቲኩ እንደገና እንዲያገለግል ሲባል ብዙ ሥዕሎች ታጥበው ጠፍተዋል። የተረፉት የሚያሳሱኝም ለዚህ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፊልሙ በምን ዘዴ እንደተሠራ አጣሩ። በ1936 ሞስኮ ውስጥ የተመሠረተው የካርቱን ስቱዲዮ ሶዩዝሙልትፊልም በሥዕልም በአሻንጉሊትም ይሠራ ነበር። ትልልቅ ጆሮ ያለው ገጸ ባሕርይ ቼቡራሽካ የታየበት የ1969ኙ «አዞው ጌና» የአሻንጉሊት ፊልም ነው፤ ስለዚህ የዚያ ፊልም «ዋናው ሉህ» ነው ተብሎ የሚቀርብላችሁ ሥዕል ሐሰተኛ ነው።

ከዚያ ሉሁን ገልብጡት። ትልቁ ምርመራ ይህ ነው። የገጸ ባሕርዩ መስመር ከፊት ይሰመራል፣ ቀለሙ ግን ከጀርባ ይቀባል። ከፊት ለስላሳና እኩል የሚመስለው ቀለም ከጀርባ ሲታይ የብሩሹን ጭረት፣ ወፈር ብሎ የደረቀበትን ቦታ፣ ከመስመሩ ሥር ያለፈውን ጠርዝ ያሳያል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጉብታው ጥላ ይጥላል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከተደረደሩ ግን የማተሚያ ማሽን ሥራ ነው። ጠርዙ ላይ ሉሁ በካሜራው ሥር እንዳይንሸራተት የተበሱትን ቀዳዳዎችና በእጅ የተጻፈውን ተራ ቁጥር ፈልጉ። በመጨረሻም ፊልሙን እያስቆማችሁ የእጁንና የጆሮውን አቀማመጥ አመሳክሩ። ያቺን ቅጽበት ስታገኙ የሚሰማችሁን ደስታ ገዝታችሁ እዩት።

ከሥሩ የተደረገው የመልክዓ ምድር ሥዕል ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ቅጂ ነው፤ የዚያው ትዕይንት ዋና ሥዕል ከሆነ ዋጋው በጣም ይንራል። ከሩሲያ በቀጥታ ስትገዙ ደግሞ ያረጁ የጥበብ ሥራዎችን ከአገር ማውጣት በሕግ የተገደበ መሆኑን አስቡ፤ ፈቃዱን ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሉሁን አሽትቱት። እንደ አቼቶ የሚሸት ከሆነ ፕላስቲኩ መበስበስ ጀምሯል፤ ጋዙ ሌሎቹንም ስለሚጎዳ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። አየር በማያስገባ ከረጢት ማሸግ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በውኃ አትጥረጉት፣ ቀለሙ ይለቅቃል። ሉህ በሉህ ላይ አትደርድሩ፣ ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ወረቀት አድርጉ። ፍሬም ውስጥ ስታስገቡት መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ ዙሪያውን በካርቶን ከፍ አድርጉት፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይም አትስቀሉት።

የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ ትዕይንቱ የሚገኝበትን ደቂቃና የገዛችሁበትን ዋጋ በተለየ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። በሉሁ ላይ ግን ምንም አትጻፉ።