ለገጠር ወጣቶች አመራር ፈንድ ስትጠይቁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ይህን የምጽፈው በወረዳና በቀበሌ ለሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ማኅበራት ነው። ልባቸው ሥራው ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ነገር ነው።

ሥልጠናን ፕሮጀክት ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፕሮፖዛሉ "የአመራር ክህሎት ሥልጠና ለ60 ወጣቶች" ይላል። ወጣቶቹ ወደ ወረዳው ከተማ ይጠራሉ። ሦስት ቀን አዳራሽ ይቀመጣሉ፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ይነሳሉ፣ አበላቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። ቀበሌያቸው ሲደርሱ የሚመሩት ነገር የለም።

አመራር የሚለመደው በመወሰን ነው፤ በተለይ ስለ ገንዘብ በመወሰን። ስለዚህ ከበጀቱ ቆንጠር አድርጋችሁ ወጣቶቹ ራሳቸው የሚያዙበት ገንዘብ መድቡ። በየቀበሌው 30 ሺህ ብር እንኳ ይሁን። ምንጭ ያጎልብቱበት፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ይጠግኑበት፣ ችግኝ ያፍሉበት፤ ምርጫው የእነሱ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይምረጡ። ቃለ ጉባኤ ይያዙ። ሒሳቡን በቀበሌው ሕዝብ ፊት ያቅርቡ። ምናልባት የመጀመሪያ ሐሳባቸው አይሳካ ይሆናል። ለምን እንዳልተሳካ ቆመው ማስረዳታቸው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አሠልጣኝም ከሩቅ አትፈልጉ። ሃያ ዓመት የዕድር ገንዘብ ይዞ አንድ ብር ያላጎደለ ሰው በየመንደሩ አለ። እሱ አጠገብ አስቀምጧቸው።

አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፦ ይህ ብድር አይደለም። መንግሥት በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ካቋቋመ ወዲህ "ፈንድ" ሲባል ብዙ ወጣት የሚታየው ብድር ነው። ካልነገራችኋቸው ገንዘቡን ለመከፋፈል የሚሰባሰቡ ይመጣሉ።

ምልመላውን ለቀበሌው ብቻ መተው

በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ይሄዳል። ለጋሹ የትኛውን እንደሚከተል ጥሪውን አንብቡ።

እኔን ከዕድሜው በላይ የሚያሳስበኝ ማን ይመረጣል የሚለው ነው። ቀበሌው ብቻውን ከመለመለ በየስብሰባው የምናያቸው እነዚያው ልጆች ይመጣሉ። ከብት የሚጠብቀው፣ 8ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው፣ በ16 ዓመቷ የተዳረችው ስማቸው አይነሳም። ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሰዓቱንም አስቡበት። ስብሰባው አመሻሽ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ለሴቶቹ ልጆች ቤተሰብ አይፈቅድም። የምታጠባ እናት ካለችም ልጅ ለሚይዝላት ሰው የሚከፈለው በጀት ውስጥ ይግባ።

የገበሬውን ጊዜ መርሳት

ዕቅዱ በጥር ይጀምራል ተብሎ ይጻፋል። ውል ተፈርሞ ገንዘቡ እስኪደርስ ሰኔ ይሆናል። ሰኔ እርሻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ ነው። ኅዳርም አጨዳ ነው። እንግዲህ በመኸር አብቃይ አካባቢ እስከ ሚያዝያ ያለውን በጋ ጠብቁት፤ በልግ አብቃይ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹን ጠይቁ። የኦርቶዶክስ አማኝ በሚበዛበት ገጠር በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም በሬ አይጠመድምና ለስብሰባ ይመቻል። ሙስሊም በሚበዛበት ከጁምዓ ሶላት ጋር እንዳይጋጭ። የገበያ ቀን ግን የትም ቢሆን አትንኩ።

በአንድ ዋጋና በአንድ ለጋሽ መተማመን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀቱን በብር የተዋዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዋጋ ሲለወጥ በጀቱ እንዴት እንደሚከለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። የአስተዳደር ወጪንም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተቀመጠው 20 በመቶ አታሳልፉ።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆምም ዩኤስኤአይዲን ብቻ የተማመኑ ሥራዎች መሐል መንገድ ላይ ቀሩ። የማኅበረሰቡ መዋጮ ትንሽም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። ድንጋይና ጉልበትም መዋጮ ነው፤ በብር ተምኑት።

ደረሰኙን በኋላ ማሰብ

ድንጋይ ያቀረበው ገበሬ ደረሰኝ የለውም። ሲሚንቶውን በበቅሎ የጫነውም፣ ለስብሰባው ቡና ያፈላችውም የላቸውም። ገንዘቡን በትክክል ያዋለ ማኅበር ኦዲት ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ጭንቅ ሲሆን ከከተማ ደረሰኝ የሚገዛ አለ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ወጣቶቹም እያዩ ይማሩታል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ገጽ የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጁ፦ የተገዛው ነገር፣ ዋጋው፣ የሻጩ ስምና ስልክ፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው፣ ከወጣቶቹ ኮሚቴ የሁለት ሰው ፊርማ። ለጋሹ ይህን ቅጽ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ደብዳቤውንም ከውሉ ጋር አያይዙት።