አንድ የተበላሸ የኢሜይል አድራሻ ፕሮግራምን ሲያቆም የምንሠራቸው ስህተቶች

ደረሰኝ በኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም አንድ ጠዋት መሃል ላይ ቀጥ አለብኝ። ምክንያቱ አንድ ቃል ነበር፦ «የለም»። ፎርሙ ያለ ኢሜይል አላሳልፍ ሲላት፣ መረጃ የምታስገባው ልጅ የደንበኛውን መልስ እንዳለ ጻፈችው። በዶትኔት (ፕሮግራሙ የተጻፈበት የማይክሮሶፍት መድረክ) የኢሜይል አድራሻ የሚያነበው «ሜይልአድሬስ» የሚባለው ክላስ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጠው «ፎርማት ኤክሴፕሽን» የሚባል የስህተት ምልክት ይወረውራል። የሚይዘው ኮድ ከሌለ ፕሮግራሙ እዚያው ያበቃለታል። ከዚያ ረድፍ በታች ያሉት ሁሉ ደረሰኝ ሳያገኙ ቀሩ።

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው፤ ሎጉን (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ሳላይ እንደገና አስነሳሁት። ከላይ ጀምሮ ላከና እዚያው ረድፍ ላይ ደግሞ ወደቀ። ከላይ ያሉት ደንበኞች ሁለት ሁለት ደረሰኝ ደረሳቸው። አንዷ ደውላ «ሁለቴ ቆረጣችሁብኝ እንዴ?» አለች። ድንጋጤዋ እስካሁን ይሰማኛል። ስለዚህ በቅድሚያ ሎጉን አንብቡ፣ የቆመበትን ረድፍ ለዩ። ለእያንዳንዱ ደረሰኝም ዳታቤዙ ላይ «ተልኳል» የሚል ምልክት ይኑር። ያኔ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዓይንን ማመንም ያሳስታል። «የለም» ቢያንስ ይታያል። ስክሪን ላይ እንከን የማይወጣለት አድራሻ ግን ከኋላው ስፔስ ወይም የመስመር መዝለያ ሊኖረው ይችላል። ከሌላ ቦታ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ ስፋት የሌለው ስፔስ ተደብቆ ይመጣል። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ቁጥሩ 200B ነው፤ ከጽሑፍ ዳርና ዳር ስፔስ የሚያጠፋው የዛሬው ዶትኔት «ትሪም» አያነሳውም። መላው መቁጠር ነው። በዓይናችሁ 20 ፊደል የቆጠራችሁት አድራሻ ፕሮግራሙ 21 ካለው፣ የተደበቀ ነገር አለ። የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር አስወጥታችሁ እዩ፤ ጥፋተኛው ወዲያው ይገኛል። በነጥብ ፋንታ «።» የገባበትንም በዚሁ ትይዙታላችሁ።

ረድፉን መሰረዝ? በፍጹም። ከአድራሻው ጋር ደንበኛውም ማስረጃውም ይጠፋል።

ኮዱን ስህተት በሚይዘው «ትራይ ካች» ከቦ፣ ስህተት ሲያዝ የሚሠራውን ክፍል (ካቹን) ባዶ መተው ደግሞ ፕሮግራሙ ከመውደቁ (ከክራሹ) የባሰ ነው። ክራሹ ቢያንስ ይጮኻል። ባዶ ካች ግን ደንበኛው ለወራት ደረሰኝ ሳያገኝ ማንም እንዳያውቅ ያደርጋል። ስህተቱን በየረድፉ ያዙት፣ የደንበኛውን መለያ ቁጥር ሎግ ላይ ጻፉ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሲናደዱ ጥብቅ ሪጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚፈትሽ ቀመር) መጻፍም የተለመደ ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። በኢሜይል ደንብ ከ@ በፊት የመደመር ምልክትም አፖስትሮፍም ይፈቀዳሉ፤ ርዝመቱም እስከ 64 ይደርሳል። የአድራሻው መጨረሻ (ከነጥቡ በኋላ ያለው) ሦስት ፊደል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሪጀክስ በ«.info» የሚያልቀውን ይጥላል። በጣም የተወሳሰበ ሪጀክስ ደግሞ ራሱ ሰርቨር ይጥላል። ጉዳዩ ኢሜይል ባይሆንም፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያው ክላውድፍሌር በሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሪጀክስ ምክንያት ለ27 ደቂቃ ያህል ተስተጓጉሎ ነበር። @ መኖሩን፣ ግራና ቀኙ ባዶ አለመሆኑን አረጋግጡ። አድራሻው የሰውዬው መሆኑን የሚያሳየው የማረጋገጫ ሊንክ መላክ ብቻ ነው።

ፎርሙን ብቻ አስተካክሎ መቀመጥም አይበቃም። መረጃ በኤክሴል ፋይልም ይገባል። አንድ ዓይነት ፍተሻ በሁሉም በር ይቁም፤ ቀድሞ የገባውም አንድ በአንድ ይፈተሽ።

እኛ በመጨረሻ ኢሜይልን ግዴታ ማድረጉን ተውነው። «ኢሜይል የለውም» የሚል ሳጥን ጨመርን። ሳጥኑ ለተመረጠለት ደንበኛ ደረሰኙ አሁን በኤስኤምኤስ ይሄዳል።