ጎርጎራ ላይ መንጠቆ ለምትጥሉ

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ዳር መንጠቆ ልትጥሉ ካሰባችሁ፣ ይዞ መግባት የሚያዋጣው የትኛው ዓሣ እንደሆነ ልንገራችሁ። አጥማጅ በዚህ ጉዳይ ተስማምቶ አያውቅም፤ እኔ ግን የምፈርደው ለቀረሶ (ቲላፒያ) ነው። ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚለይ፤ ለጥብስም ለዱለትም ይሆናል። ሣር ያለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን ዳር ዳር ሞክሩ።

አምባዛ ጉልበተኛ ስለሆነ መጎተቱ ደስ ይላል፤ አየር ስለሚተነፍስም ከውኃ ወጥቶ ቶሎ አይሞትም። ቅርፊት ስለሌለው ግን ብዙ ክርስቲያን ቤት አይበላም፤ ለጎረቤት ልትሰጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ያለው እሾህ እጅ ይወጋል፣ በጨርቅ ያዙት።

ነጭ ዓሣ የሚባለውስ (ባርበስ)? ጣዕሙ ሸጋ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገው ቀጭን አጥንት ግን ለልጅ አያሰጥም። ጎኑን በስለታም ቢላ ጠበብ ጠበብ አድርጋችሁ ብጡትና በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሱት፤ ያኔ አጥንቱ አብሮ ይደርቃል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ብዙው ለመራባት ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ስለሚወጣ፣ በዚያ ሰሞን ወንዝ አፍ ላይ የያዛችሁትን መልሳችሁ ልቀቁት።