ጀልባችሁ ውሃ ታስገባለች? ውሃውን ከውስጥ ጨምሩበት

ሐዋሳ ላይ አሮጌ የፋይበር ጀልባ ላላችሁ፣ በሸራም ሂዱ በመቅዘፊያ። ውሃ ታስገባለች፣ ግን በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም። ሐይቁ ላይ ሆኖ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። የገባው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚሮጥ ቀዳዳው ከፊት ሆኖ ውሃው ከኋላ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ነገሩን ገልብጡት። ጀልባዋን ዳር አውጥታችሁ አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጧት። ውጪዋን በደንብ አድርቁ። መጋጠሚያዎቹን፣ የብሎን ዙሪያዎችንና የማፍሰሻውን ቡሽ አካባቢ በሰማያዊ ጠመኔ አሹ፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ ይበቃል። ከዚያ ውስጧ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው በገባበት ይወጣል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ወዲያው በማርከር ክበቡት፣ ሲደርቅ ይጠፋል።

አደራ፣ እስከ አፏ እንዳትሞሏት! ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ብትጨምሩ 200 ኪሎ ነው። ሐይቅ ላይ ከውጭ ያለው ውሃ ይደግፋታል፣ መሬት ላይ ግን ያ ሁሉ ክብደት ጎማዎቹ የነኩት ቦታ ላይ ያርፋል። ስንጥቁ ይብሳል። ወለሏ ከተላቀቀም አትሞክሩት።

ቦታውን ስታገኙ ሲሊኮን ለመቀባት አትቸኩሉ። ሲሊኮን የነካው ላይ በኋላ ፋይበር አይይዝም። ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ አድርቁና በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ጠግኑ።