ማሽላው ከጠፋ መጀመሪያ ወደ ዲኤው

አንተ ድሬ ከተማ ነህ፤ ከገጠሩ፣ ከቢዮ አዋሌ ወይ ከዋሂል ተደውሎ "ማሽላው አለቀ" ተባልክ። አብሽር፣ ግን አንድ ነገር ከአሁኑ እወቅ። መንግሥት የሚሰጠው እርዳታ የጠፋውን ሰብል ዋጋ የሚመልስ ካሳ አይደለም። ቤተሰቡ እንዳይራብ የሚሰጥ ድጋፍ ነው፣ እህል ወይም ብር። ስለዚህ የሚጠየቀው ስንት ኩንታል እንደጠፋ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ስንት ፍየል እንደቀረም ነው። ሁለት ፍየል ካለ ሁለት በል፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ዝርዝሩም ሰው ፊት ይነበባል።

ከተማ ያለ ቢሮ በር ላይ አትሰለፍ። ስም የሚያዘው ቀበሌ ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ዲኤው፣ ማለትም የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው።

አጎቴ እዚህ ላይ ነው የተሸወደው። አንድ ዓመት ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀበት፣ ከብቶቹም ስለተራቡ አገዳውን አጭዶ ሰጣቸው። ምን ያድርግ? ዲኤው ከሳምንት በኋላ ሲመጣ ያገኘው የታጨደ ማሳ ነው፣ በደህና ጊዜ ተሰብስቦ የገባ የሚመስል። ያየውን ጻፈ፣ አጎቴም ከእርዳታው ቀረ። ስለዚህ ማጨድ ግድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጥግ ሳይነካ ይቆይ። ጎርፍ ከሆነ የተናደውን እርከንና አሸዋ የለበሰውን መሬት ሳትነካ በስልክ ፎቶ አንሳ፣ ሰው አቁመህበት። ስፋቱን በሄክታር አስጽፍ፤ ጥማድ እንደየአገሩ ይለያያል።

ስም ላይ ተጠንቀቅ። መታወቂያው ላይ "መሐመድ"፣ የባንክ ደብተሩ ላይ "ሙሀመድ" ከሆነ ብሩ ሲመጣ ጣጣ ነው። ቀድመህ አስተካክል። የሚስትም ስም ይግባ፤ ባል ጂቡቲ ሄዶ ከሆነ ማን ይቀበላል?

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ቤት ነው፣ ጉልበት ያለው ሰው እርከንና መንገድ ይሠራበታል፣ አቅመ ደካማ ሳይሠራ ይቀበላል። የአንድ ጊዜ ጎርፍ ወይም አንበጣ ግን የአስቸኳይ እርዳታ ነው። ስትጠይቅ ለይተህ ጠይቅ፣ አለዚያ "የሴፍቲኔት ኮታ ሞልቷል" ተብለህ ትመለሳለህ።

ስም ካልወጣ ቀበሌ ውስጥ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በጽሑፍ አስገባ፣ ቀን ያለበት ቅጂ ያዝ። መቼም የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም፣ ማመልከቻው ላይ ግን "እርስዎ" ብትል አትጎዳም።

እህሉ የመጣ ቀን እዚያው አስመዝን። በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው 15 ኪሎ ሆኖ ቆይቷል፤ የአስቸኳዩን መጠን ግን ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። ቤት ደርሶ "ጎደለ" ማለት አይሠራም።