የኤምጂቢን የብረት ዳሽቦርድ ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዴት መመለስ ይቻላል?

ብዙ የኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው) ባለቤቶች ዳሽቦርዱን ለማሳመር ሲነሡ መጀመሪያ የሚያስቡት የዋልነት እንጨት መለጠፍን ነው። እንጨቱ ያምራል። ነገር ግን ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ባመረታቸው ኤምጂቢዎች ላይ የእንጨት ዳሽቦርድ አልገጠመም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ከላሜራ የተሠራ፣ ሸብሸብ ባለ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ዳሽቦርድ ለመመለስ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። መመለስ ማለት ከአዲስ የበለጠ ማስዋብ አይደለም፤ የነበረውን አውቆ እዚያው ላይ ማቆም ነው።

መጀመሪያ መኪናዎ ምን እንደነበራት ይወቁ

እ.ኤ.አ. ለ1968 የአሜሪካ የደህንነት ሕግ ጠበቅ ሲል ወደዚያ የሚላኩት ኤምጂቢዎች የብረቱ ዳሽቦርድ ቀርቶ በስፖንጅ የተሞላ ወፍራም ዳሽቦርድ ተገጠመላቸው። በእንግሊዝ የሚሸጡት ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በብረቱ ቀጥለዋል። ስለዚህ የተመረተችበት ዓመት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች ጭምር ማወቅ ያስፈልጋል። በጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገብ አይቶ ለመኪናዎ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የተሠራችበትን ቀን፣ የተላከችበትን አገርና የተገጠመላትን ተጨማሪ ዕቃ ከዚያ ያገኛሉ። ክፍያው ቀለም ከመግዛት በፊት የሚወጣ ወጪ ይሁን።

ከመፍታትዎ በፊት ዳሽቦርዱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሡ። ከኋላ ያለው ፎቶ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ በተቻለ መጠን ብዙ ያንሡ።

መፍታት

እስከ 1974 ገደማ በነበሩት ኤምጂቢዎች ላይ ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ከወለሉ ሥር ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እስከ 1967 በተሠሩት መኪኖች ላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው፣ ማለትም ማሳ የሚሆነው፣ ፖዘቲቩ ነው። በልማድ ኔጋቲቩን ማሳ ነው ብሎ የሚነሣ ሰው ይሳሳታል። ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ በዓይንዎ ተከትለው ከአካሉ ጋር የታሰረውን ይፍቱ።

ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት በእያንዳንዳቸው ላይ ምልክት ያስሩ። የመኪናዋን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራው የሉካስ ኩባንያ ሽቦዎች ቀለማቸው ራሱ ይናገራል፦ ቡናማው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ነጩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ አረንጓዴው ቁልፍ ሲዞር በፊውዝ በኩል ያልፋል፤ ወይን ጠጁ በፊውዝ በኩል ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፤ ቀይ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው የጌጆቹ መብራት ነው፤ ጥቁሩ ማሳ ነው። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነ ሽቦ ካገኙ ከፋብሪካ በኋላ የገባ መሆኑን ይጠርጥሩ።

የዘይት ግፊትንና የውሃ ሙቀትን አንድ ላይ የሚያሳየው ጌጅ በሽቦ አይሠራም። የዘይቱ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል፤ ሙቀቱን የሚለካው ደግሞ ኤተር የሞላበት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው። ይህ የመዳብ ቱቦ ከተቆረጠ ወይም ከተሰነጠቀ ኤተሩ ወጥቶ ያልቃል፣ ጌጁም ይሞታል። ስለዚህ ጫፉን ከሞተሩ በኩል ይፍቱት፣ ቱቦውን በሰፊ ክብ ጠቅልለው ከጌጁ ጋር አብረው ያውጡ። ቱቦውን ማጠፍም መጎተትም አይገባም። በዘይቱ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ የቆዳ ሮንዴላ አለች፤ እንዳትጠፋ።

ከዚያ የመሪውን ዘንግ ዝቅ ያድርጉ፣ ከታች ያሉትን ብሎኖችና ከላይኛው ጠርዝ ሥር ያሉትን ዳዶዎች ይፍቱ። የላይኞቹ በጭንቅ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ጊዜ ይስጧቸው።

ላሜራው

አሮጌውን ቀለም በኬሚካል ማስለቀቂያ ያውጡ። በአሸዋ ማስነፋት ፈጣን ቢሆንም ሰፊው ላሜራ ስስ ስለሆነ ከሙቀቱና ከግፊቱ የተነሣ ይጎብጣል፣ ጎብጦም ከቀረ ጌጆቹ በትክክል አይቀመጡም። ብረቱ ሲራቆት ቀደምት ባለቤቶች ለሬዲዮና ለተጨማሪ ማብሪያ የበሷቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በዚያው ዓመትና ገበያ ከተሠራች ያልተነካካች መኪና ፎቶ ጋር ያስተያዩ፤ የፋብሪካ ቀዳዳ የደፈነ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። የማያስፈልገውን ቀዳዳ ከኋላው የመዳብ ቁራጭ ደግፈው በአጭር በአጭር ብየዳ ይሙሉ፣ በመሃል እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፣ ከዚያ ሞርደው ያስተካክሉ። ስቱኮ በጣም በስሱ ብቻ ይጠቀሙ። በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

ሸብሸብ ያለው ቀለም

የሥራው ልብ ይህ ነው። ቀለሙ የሚሸበሸበው ላይኛው ሽፋን ከሥሩ ቀድሞ ስለሚደርቅና ስለሚሰበሰብ ነው፤ በፈላ ወተት ላይ የሚጋገረው ስልባቦት ሲቀዘቅዝ እንደሚጨማደደው ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ቀለሙ ወፍራም መሆን አለበት። መኪና ቀቢ የለመደው ስስ ድርብ እዚህ አይሠራም፤ ስስ ከሆነ ለስላሳ ሆኖ ይደርቃል።

ሞቅ ባለና አየር በሚገባበት ቦታ፣ ጭንብል አድርገው፣ ላሜራውን አጋድመው ይሥሩ። በመጀመሪያ የጌጆቹን ቀዳዳዎች ጠርዝና ማዕዘኖቹን ይርጩ፤ ቀለም የሚሳሳው እዚያ ነውና። ቀጥሎ መላውን ገጽ በአንድ አቅጣጫ፣ ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ያንን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በሰያፍ ይርጩ። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የጊዜ መመሪያ ከዚህ ቢለይ እርሱን ይከተሉ። ከዚያ በሙቀት አምፖል ወይም በፀጉር ማድረቂያ ከርቀት እኩል ያሙቁት። መጀመሪያ እንደ ጥቁር መስታወት ያበራል፤ ቀስ በቀስ ብርሃኑ ይደበዝዝና ጥቃቅን ሽብሽቦች ከአንድ ጥግ ተነሥተው ወደ ሌላው ይዛመታሉ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ እዚያ ያለው ሽብሽብ ከቀረው ይለያል፣ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል።

በመጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ ላይ ይሞክሩ። ዋናው ላይ አንድ ጥግ ለስላሳ ሆኖ ከወጣ በዚያች ላይ ብቻ ደግሞ መርጨት አያዋጣም፤ ድንበሩ ይታያል። ሁሉንም አስለቅቆ እንደገና መጀመር ነው። አድካሚ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም።

ጌጆቹ

የፊተኛው የክሮም ቀለበት በካቻቪቴ አይፈለቀቅም። በቀስታ ሲዞር ከኋላ የያዙት ጥርሶች ከጎድጎዶቻቸው ጋር ይገጥሙና ይወጣል። መስታወቱን ያጥቡ፣ የደረቀውን የጎማ ቀለበት ይለውጡ። ቁጥሮቹ የታተሙበትን ገጽ ግን በውሃም በአልኮልም አይንኩ፤ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። የሚነበብ ገጽ ትንሽ ደብዝዞ ቢታይም እንዲቆይ እመክራለሁ፤ አዲስ የታተመ ገጽ ብዙ ጊዜ የፊደሉ ቅርጽ ከፋብሪካው የተለየ ነው። በኪሎሜትር ወይም በማይል ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር መንካት ደግሞ የመኪናዋን ታሪክ መዋሸት ነው። አምፖሎቹ ባለ 2.2 ዋት ናቸው፤ ደማቅ ዘመናዊ መብራት ከገባ ደብዛዛው የምሽት ገጽታ ይጠፋል።

መኪናዋ ከፖዘቲቭ ማሳ ወደ ኔጋቲቭ ማሳ ተቀይራ ከሆነ የሞተር ዙር መለኪያውን እንዳለ አይግጠሙ፤ በባለሙያ መቀየር አለበት።

መልሶ መግጠም

ማሳ ሽቦ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ቀለም የሌለባቸው ንጹህ ብረት ይሁኑ። ጌጆቹን በላሜራው ላይ ገጥመው፣ ሽቦዎቹን አገናኝተው፣ ዳሽቦርዱን ከማሰርዎ በፊት መብራቱን፣ ፍሬቻውንና የነዳጅ ጌጁን አንድ በአንድ ይሞክሩ። የቆዳ ሮንዴላዋን በቦታዋ አስቀምጠው የዘይት ቱቦውን ያጥብቁ፣ ሞተሩን ያስነሡ፣ መጋጠሚያውን በነጭ ጨርቅ ይዳብሱ። ጨርቁ ላይ ዘይት ከታየ አሁኑኑ ያስተካክሉ፤ ካሰሩት በኋላ የሚንጠባጠበው ትኩስ ዘይት እግርዎ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቆ በመደበኛ ፍጥነት ሲሠራ ጌጁ ከ50 እስከ 80 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ማሳየት ይኖርበታል።

የፍጥነት መለኪያውን ገመድ በስሱ ቅባት ይቀቡ፤ ከጌጁ በኩል ያለውን ጫፍ ግን ደረቅ ይተዉት፣ አለዚያ ቅባቱ ወደ ጌጁ ውስጥ ይወጣል። ገመዱ በጠባቡ እንዳይታጠፍ መንገዱን ይምረጡለት። በጉዞ ላይ መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጌጁን ከመጠርጠርዎ በፊት ከኋላ ይህን መታጠፊያ ይዩ።